እጅ ያወጣ ይናገር

ሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 1966

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጂኦግራፊ ነበር። አስተማሪዎቹ ሥራ አቁመው ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። የዓባይ ገባሮች ይቆዩኝ፤ የራሴን ጉድ ልጻፍበት።

እማዬ "ቤት ተቀምጠሽ ጆሮዬን ከምትጨርሺው" ብላ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘመነች አስረከበችኝ። ሬዲዮ እንኳን መዝጊያ አለው፣ ኮከብ ግን የላትም ትላለች። እትዬ ዘመነች ክር ቤት የፈታዮች አለቃ ናቸው። ክር ቤት የምንለው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ያለውን የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ይጠልፋሉ፤ ጋሽ ይገዙና ሌሎች ሁለት ወንዶች ይሸምናሉ፤ ጓሮ ባለችው ጭሳም ክፍል ደግሞ ጤናዬ የምትባል ሴት ክር ታቀልማለች። የተሠራው ፒያሳ ሄዶ ለፈረንጅ ይሸጣል። እኔ ጥልፍ እማራለሁ ተብያለሁ። እስካሁን የተማርኩት ጣቴን መውጋት ነው።

ዛሬ ስብሰባ ነበር። በዚህ ወር አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ታክሲ ነጂው፣ አስተማሪው። እኛስ ለምን ይቅርብን! ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታሁን ናይሮቢ ኮርስ ወስደው በቅርቡ ነው የተመለሱት። ከዚያ ያመጡት ሁለት ነገር ነው፤ እጅጌው የጎደለ ሸሚዝና የሰኞ ስብሰባ። ሥራ ይቆማል፣ እንዝርት ይቀመጣል፣ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ይዞ ይደረደራል፣ እሳቸው መሐል ይቆማሉ።

"ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ!"

 አንድ ሰው አሳለ። አቶ ጌታሁን ሳሉን እንደ ሐሳብ ቆጥረው በተስፋ ዞሩ።

እትዬ ዘመነች እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ "እኔ የምለው..." ብለው ጀመሩ።

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ መጀመሪያ እጅ!"

"እጄማ ሥራ ላይ ነው፣ ልጄ። ሥራ የፈታው አፌ ነው።"

ሳቁ አላስቀምጥ ሲለኝ እጄን አወጣሁ። ስለ መብራቱ ተናገርኩ። ደግሜ አወጣሁ፤ ስለ ሽንት ቤቱ መዝጊያ ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም። አቶ ጌታሁን ፊታቸው በራ። "አያችሁ? ተሳትፎ ማለት ይህ ነው! ኮከብ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዝም የሚሉትን የማናገር ኃላፊነት ላንቺ ሰጥቻለሁ።"

ጋሽ ይገዙ ከኋላ፣ "እሳት ማጥፋቱን ለክብሪት ሰጡት" አሉ። ሰማኋቸው።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ሥራዬን ጀመርኩ። ዝምተኞቼ ሁለት ናቸው፤ ጠላፊዋ አልፊያና ጤናዬ።

አልፊያ ቀላል ናት። አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ጥልፉ ስጠይቃት ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ እስከ ምሳ አወራችኝ። ስለ አማቷ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብተሩ ይቃጠላል። ግን "ይህንን ሰኞ ተናገሪው" ስላት መርፌዋን ሰካችና ተዘጋች።

ጤናዬ ከባድ ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከዘነበወርቅ በኩል በእግሯ ትመጣለች፣ ማንም ሳይደርስ ትገባለች፣ ክንዷን የሚውጠውን የጎማ ጓንት ታጠልቃለች፣ በርሜሏ ውስጥ በዱላ ስታማስል ትውላለች። በርሜሉን ታዋራዋለች። "እሺ፣ ቀስ፣ አትቸኩል" ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ሲመጣ ዝም።

የዚህ ቤት አሮጊቶች ደግሞ ጉደኞች ናቸው። ሁሉንም ሰው ጨብጠው ይስማሉ፣ ጤናዬን ግን በትከሻ ብቻ! እንደ ሁለት በግ ይገፋፋሉ። እትዬ ዘመነች ቆሎ ሲያድሉ ለእኛ በመዳፋችን፣ ለጤናዬ በነጠላዋ ጫፍ። ስጠይቃቸው "እሷ ጨዋ ናት፣ እንዳንቺ ዘርግታ አትቀበልም" አሉኝ።

ክሩ ከበርሜል ሲወጣ ትልቅ ቀለበት ሆኖ ነው የሚሰጣው። ከዚያ አንድ ሰው ቀለበቱን በሁለት እጁ ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ጫፉን እየሳበ በልቃቂት ይጠቀልለዋል። የያዘው ሰው ክሩ እስኪያልቅ ዝንብ እንኳን አያባርርም። ዛሬ እኔ ያዝኩ። ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። እትዬ ዘመነች ነጠቁኝና "አንቺ ስታወሪ እጅሽም አብሮ ያወራል" አሉ። ሁለተኛ አልይዝም።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ቸኩያለሁ። ነገር መጣ።

አቶ ጌታሁን ዛሬ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ክር ማቅለም ይቀር፤ የተቀለመ ክር ከመርካቶ ይገዛ። የጤናዬ ክፍል ጸድቶ የእሳቸው ቢሮ ይሁን፤ ስልክም ይገባል። "ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ!"

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ጤናዬ መጨረሻ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ። ዓይኔን አፈጠጥኩባት። ጠቀስኳት። አሳልኩ። ምንም!

እኔ አወጣሁ። የሚገዛ ክር በአንድ እጥበት እንደሚለቅ፣ የአክስቴ መጋረጃ እንዴት እንደሞተ... አቶ ጌታሁን "አንቺን ሰምተናል። ባለጉዳይዋ ትናገር። ካልተናገረች ተስማምታለች" አሉ። ከዚያ ግን ሰዓታቸውን አዩና ውሳኔውን ለመጋቢት 9 አደረጉት። ያን ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዳ ይመጣል።

ዓርብ፣ የካቲት 29

ጤናዬ ጋ ዋልኩ። ጭሱ ዓይኔን አጠፋው። የሚጨስበት አለ እንጂ ጭሱ የሚወጣበት የለም።

"እትዬ ጤናዬ፣ ሥራሽን እኮ ሊወስዱብሽ ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

አማሰለች። አማሰለች። አገር አማሰለች። ዝም ሲባል እኔ ደረቴን ያፍነኛል፤ ልናገርላት አፌን ስከፍት እሷ፣ "ከዚህ ከወጣሁ የሚያስጠጋኝ ቤት የለም፣ ኮከብዬ" አለች።

"ምን በወጣሽ! ሙያ አለሽ፣ ጉልበት አለሽ።"

"አለኝ።"

"ስለዚህ እንግዳው የሚመጣ ቀን ተናገሪ። ሁለት ቃል ብቻ! እጅሽን ታወጪና..."

"እጅ ሳይወጣ መናገር አይቻልም?"

"አይቻልም" አልኳት። "የናይሮቢ ሕግ ነው።"

ሳቀች። ጥርሷ ያምራል። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና "እስቲ እናያለን" አለች። እሺ አለች ማለት ነው። ድል!

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ስብሰባ የለም። አቶ ጌታሁን ነጂዎቹ ሥራ አቁመው ታክሲ ስላጡ አልመጡም። ጋሽ ይገዙ "ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ማቆም ጥቅሙ ገባኝ" አሉ።

ጤናዬን በበርሜሉ ላይ አለማመድኳት። እኔ አቶ ጌታሁንን ሆንኩ፤ ደረቴን ነፍቼ፣ ቀሚሴን ቀበቶ ያለው ሱሪ አስመስዬ። "ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ!" ዱላዋን አነሳች። ዱላ አይቆጠርም አልኳት። በሳቅ ፈርሳ "ሥራዬን እፈልጋለሁ" አለች። ግልጥ አድርጋ! ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ቤት ይሞላል። አፍ የላትም ያለው ማን ነው?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

እትዬ ዘመነች መንገድ ላይ፣ "ጤናዬን ተያት" አሉኝ።

"ለምን?"

"ተያት ስልሽ ተያት።"

"እትዬ፣ እርስዎ ለእሷ አንድ ቀን እንኳን ተናግረውላታል?"

ቀና ብለው አዩኝና ወደ ቤታቸው ታጠፉ። ደግ አደረግሁ። ሽማግሌ ሁሉ "ተይ" ማለት ነው የሚችለው።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ዛሬ አልጽፍም።

ማታ

እሺ።

እንግዳው መጣ፤ ከረባት ያሠረ፣ ቦርሳ የያዘ። ተደረደርን። ጤናዬ ዘወትር ከምትቀመጥበት እንድትርቅ እኔ ነኝ መሐል ያስቀመጥኳት፤ እንድትታይ ብዬ። አቶ ጌታሁን ጉዳዩን አንብበው "ተቃውሞ ያለው?" አሉ። ጤናዬ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ማለቴ፣ እኔ አይቻለሁ፤ ልትናገር ነበር። አቶ ጌታሁን አላዩም። "እጅ አላየሁም" አሉ። "እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ..." ሲሉ እኔ እጄን ነጠላዋ ውስጥ ሰደድኩና ክንዷን ይዤ ወደ ላይ አነሳሁት።

"አለ! ይኸው እጅ!"

ጓንት አልነበራትም። እጇ ጣት አልነበረውም። ማለቴ ነበረው፤ አውራ ጣቷ ሙሉ ነው፣ ሌሎቹ ግን አጥረው አጥረው...

ሁሉም አየ። እንግዳው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። አቶ ጌታሁን መሐረብ አወጡ፤ ምን እንደሚጠርጉበት ግን አላወቁም። እኔ ለቀቅኩት። ቀስ ብዬ ነው ያወረድኩት።

አይደለም። ጣልኩት።

ጤናዬ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከሰው ጋር ሳትጋፋ፣ ወጣች። ውሳኔው ሳይነገር ስብሰባው ተበተነ። ጓሮ ሄጄ ባየው በርሜሉ ሥር እሳቱ ይነድዳል። አጠፋሁት።

ቤት ስመጣ ለእማዬ ነገርኳት። ውኃና ሳሙና አመጣች። ታጠብኩ። ደግሜም ታጠብኩ። ቀለም ነክቶኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ጤናዬ አልመጣችም። አቶ ጌታሁን ለእትዬ ዘመነች፣ "አስቀድሞ ሊነገረኝ ይገባ ነበር" ሲሉ ሰማሁ።

"ምኑ?"

"በሽታው! ሥጋ ደዌ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"የዳነች ሴት ምን በሽታ አላት? እርስዎ የልጅነት ኩፍኝዎን ነግረውን ነው የተቀጠሩት?"

እኔን ግን አላናገሩኝም። ቀኑን ሙሉ። ቆሎ ሲታደል ሰጡኝ፤ በመዳፌ። ከዚያ ነው የገባኝ። የነጠላው ጫፍ። በትከሻ መሳሳሙ። መጨረሻ ላይ፣ በሩ አጠገብ መቀመጧ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ጋሽ ይገዙም፣ አልፊያም። እጇን እንዳታወጣ፣ ሳይነጋገሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየደረበ መሸሸጊያ ቤት ሠርተውላት ነበር። የማናውቀው እኔና አቶ ጌታሁን ብቻ ነን፤ ብዙ የምናወራው ሁለታችን።

ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ተጽፏል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

አልመጣችም። እማዬ "ዛሬ ምነው ሬዲዮው?" አለችኝ። ባትሪ ጨረሰ አልኳት።

እሑድ፣ መጋቢት 15

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ዘመነች በራችን ላይ ቆመው "ተነሺ" አሉኝ። በእግራችን ዘነበወርቅ ሄድን።  እኔ መናገር ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት።

ጤናዬ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ጓንት የለም። ስታየኝ እጇን ወደ ነጠላዋ ልትከት ጀመረችና ተወችው። እትዬ ዘመነች ትከሻዋን አልሳሙም፤ ሁለት እጇን ያዙና በሁለት እጃቸው መሐል አቆዩት። ከዚያ "ውኃ ልጠጣ" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ውኃው ግን ውጭ፣ እንስራው ውስጥ ነበር።

"እትዬ ጤናዬ፣ እኔ እንድትናገሪ ብዬ፣ ሥራሽን እንዳትነጠቂ፣ አላወቅሁም፣ ባውቅ ኖሮ፣ ማለቴ ምንም አያስጠላም እኮ፣ እኔ..."

"ኮከብ።"

አቋረጠችኝ።

"በሽታው ከሄደ ቆየ። ጣቴን ይዞ ሄደ። ሐኪሞቹ ድነሻል ብለው ከሸኙኝ ወዲህ፣ እጄ ጎማው ውስጥ እስካለ ማንም አይጠይቀኝም፣ እኔም እረሳዋለሁ።" ልብሱን ጨምቃ ሰቀለች። በመዳፏና በአውራ ጣቷ፤ ከእኔ ትፈጥናለች። "ልናገር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሳትጠይቂኝ አነሳሽው።"

አንድ እርጥብ ልብስ አንስቼ ሰቀልኩላት። 

"ትመጫለሽ?"

"እንጃ።"

ስንመለስ እትዬ ዘመነች ቶታል ማደያው ጋ ሲደርሱ ተናገሩ። "እኛ ዝም ያልነው አፍ አጥተን መስሎሽ ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

"ደግሞ ትክክል ነሽ። ለእጇ ዝም አልን። ሥራዋን ሲወስዱባትም ዝም አልን። ሁለተኛው ዝምታ የእኔ ነው፣ አንቺ አትውሰጂው።"

ልጅነቴን ሙሉ ያፌዝኩባቸው ሴትዮ ናቸው።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

ስብሰባ ተጠራ። እትዬ ዘመነች "ፋሲካ ደርሷል፣ ትእዛዙ አላለቀም፤ እየሠራን እንሰብሰብ" አሉ። አቶ ጌታሁን ናይሮቢ እንደዚህ አይደለም ሊሉ ሲሉ፣ እትዬ ዘመነች አንድ ትልቅ የክር ቀለበት አመጡና "እስቲ ይህንን ያዙልኝ፣ ልጄ" አሏቸው። ያዙ። ታላቅ ሰው "ያዝልኝ" ሲል ምን ይደረጋል?

ሥራ አስኪያጃችን ሁለት እጃቸው በክር ተወጥሮ በርጩማ ላይ! ሰዓታቸውን አያዩ፣ አያጨበጭቡ፣ አይነሱ። የማንም እጅ ባዶ ስላልሆነ እጅ አውጡ ማለትም አልተቻለም። መጀመሪያ ጸጥ አለ። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ይገዙ በእግራቸው ነካ አደረጉኝ። ጸጥታው ረዘመ። ልሞት ደረስኩ። ከዚያ አልፊያ፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ፣ "የመርካቶው ክር ለጥልፍ አይሆንም፣ ይላላል" አለች። አንዷ ቀጠለች። ሌላዋ ቀጠለች። አቶ ጌታሁን "ኧረ? ኧረ?" ይላሉ። መጻፍ ስለማይችሉ ያዳምጡ ነበር።

"ስለ ጤናዬስ?" አሉ በመጨረሻ እትዬ ዘመነች።

"እሷ ራሷ ስትመጣ" አሉ አቶ ጌታሁን። የያዙት ክር ገና አላለቀም ነበር።

አልፊያ ናት ሄዳ ለጤናዬ የነገረቻት። እኔ ልሂድ አልኩ። አልላኩኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 23

መጣች!

በዋናው በር ገባች፤ ጓንቱ የለም። እኛ እየሠራን ተሰብስበናል። አቶ ጌታሁን ዛሬም ክር ይዘዋል፤ አሁንማ ለምደውታል፤ የሚጠቀልሉት እትዬ ዘመነች ናቸው። እትዬ ዘመነች ልቃቂቱን ለጤናዬ አቀብለው ተነሱና ቦታቸውን ለቀቁላት።

ጤናዬ ተቀመጠች። ክሩ አንዱ ጫፍ እሷ ጋ፣ ሌላው አቶ ጌታሁን እጅ ላይ። ልቃቂቱን በመዳፏ እያንከባለለች መጠቅለል ጀመረች። አቶ ጌታሁን እጇን ላለማየት ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ መሆኑን ሲያረጋግጡ ዓይናቸውን አወረዱ።

ትንሽ ቆይታ፣ "ሥራዬን እፈልጋለሁ" አለች። ያ ወፍራም ድምፅ።

"እኔ እኮ... ጉዳዩ ጤና..."

"ይጠይቁኝ።"

"እ?"

"የሚያስፈራዎትን እኔን ይጠይቁኝ። እዚህ ነኝ።"

ጠየቁ። ይተላለፋል ወይ ብለው ጠየቁ። ድኛለሁ፣ አይተላለፍም አለች። ያምሻል ወይ ብለው ጠየቁ። ሙቀት አይሰማኝም፣ ስለዚህ ነው ጎማ የማልተው አለች። እየጠቀለለች፣ እየጠቀለለች። አጠገቧ ያለችው አልፊያ በርጩማዋን ጠጋ አደረገች።

"ዛሬ መወሰን ይከብደኛል" አሉ አቶ ጌታሁን።

ጋሽ ይገዙ ከመሸመኛቸው ጉድጓድ፣ "አይቸኩሉ። ክሩ እንደሆነ ገና ነው" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጤናዬም ሳቀች። አቶ ጌታሁን የተወጠሩ እጆቻቸውን አዩ፣ ጤናዬን አዩ፤ እውነት ለመናገር፣ እጇንም አዩ፤ "ቢሮው ይቅር" አሉ። "ለበላይ እኔ ራሴ እነግራለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች ጤናዬ። "ሌላም አለኝ።"

"ሌላም?"

"ጭስ መውጫ ይከፈትልኝ።"

ለአቶ ጌታሁን ማዘን ጀመርኩ። ሴትዮዋ ገና አሁን ነው የጀመረችው።

እኔን ግን አላናገረችኝም። አየችኝ። ያ ብቻ።

ሰኞ፣ መጋቢት 30

የጭሱ መውጫ ተከፈተ። አላናገረችኝም። እኔም አልሄድኩባትም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ይባላል። ጠርቼ ጠርቼ ያመጣሁት መከራ ነው፤ እንድትናገር ፈልጌ፣ አሁን ሁሉንም ታናግራለች፤ ከእኔ በቀር።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1

ዛሬ ከሰዓት ጤናዬ ከጓሮ ወጣች፤ ገና ያልደረቀ ሰማያዊ ክር ተሸክማ። አልፊያ ልትይዝላት ተነሳች። ጤናዬ አለፈቻት። እኔ ፊት ቆመች።

"እጅሽን ስጪኝ።"

እትዬ ዘመነች "ኧረ ይቺ ትበጥሰዋለች!" አሉ።

"ገና እርጥብ ነው፣ ያቀልምሻል" አለች ጤናዬ።

"ያቅልመኝ።"

ሁለቱንም ዘረጋሁ። ቀለበቱን አጠለቀችልኝ። ጣቶቿ ጣቶቼን ነኩ፤ ሙቅ ናቸው፣ ሸካራ ናቸው። ተቀመጠችና መሳብ ጀመረች። እኔ አላወራሁም። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈ፣ አላባረርኩም። ጸጥታው መጣ፤ ደረቴን ያፈነኛል ብዬ ጠበቅሁት። አላፈነኝም። መሐል ላይ ጤናዬ በራሷ ማውራት ጀመረች። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ እናቷ ቤት። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፈውም። ለእኔ ነው ያወራችው።

አንድም ጊዜ አልተበጠሰም።

ማታ ለራት ታጠብኩ። ሰማያዊው አለቀቀም፤ እስከ አንጓዬ ድረስ ነው። እማዬ አየችው። ከማን እንደመጣ ታውቃለች። ተነስታ ሳሙናውን አምጥታ አጠገቤ አኖረችው፣ እንደዚያን ቀን። እኔ ሳሙናውን አልነካሁትም። ሽሮውን ጠቅልዬ አንድ ጉርሻ አዘጋጀሁና ወደ አፏ ዘረጋሁት፤ በዚያው በሰማያዊ እጄ።

እማዬ እጄን አየች። እኔን አየች። አንድ ነገር እንድናገር የጠበቀች ይመስለኛል፤ ሁልጊዜ የምናገረው እኔ ነኛ። ዝም ብዬ ያዝኩላት። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩላት።

አፏን ከፈተች።